ሄክቶሪና የማን ናት?

ሄክቶሪና ስሟን ወዳው አታውቅም። እንዴትስ ትወደው? አያቷ ሄክቶር ይባሉ ነበር። አባቷ የበኩር ልጁን በአባቱ ስም ሊጠራ ቃል ገብቶ ኖሮ፣ ሴት ስትወለድበት ሌላ ስም ለማሰብ እንኳ አልተጨነቀም፤ ሄክቶር ላይ «ኢና» ቀጠለና ሄክቶሪና አላት፣ በቃ። በሉዊስ ደሴት ይህ ብርቅ አይደለም። ዶናልድ ዶሊና ይሆናል፣ መርዶክ ሙርዲና፣ ኬኔት ኬኔቲና። ወንድ ሲጠበቅ የመጡ «ኢናዎች» ደሴቱን ሞልተውታል። እሷ ግን ያደገችው ግላስጎው ነው። በግላስጎው የሰፈር ልጆች መሃል ሄክቶሪና ተብሎ ማደግ በየቀኑ መሰደብ ማለት ነው፤ እሷም ለሰደባት ሁሉ ዘር ማንዘሩን እየጠራች ስትመልስ ምላሷ ምላጭ ሆነ።

ያ ምላስ በኋላ መተዳደሪያ ሆናት። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆነች። ሰካራም ቢረብሽ፣ ጎረምሳ ያለ ትኬት ቢሾልክ፣ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ ሳትል አንድ ጊዜ «ውረድ!» ካለች ያልተጠራውም አብሮ ይወርድ ነበር። ባሏን በጊዜ ፈታች፤ አንድ ልጇን አሳድጋ ዳረች፤ መንታ የልጅ ልጆች አየች። ጡረታ በወጣች በዓመቱ አጎቷ፣ የአባቷ ወንድም፣ ልጅ ሳይወልድ ሞተና በሉዊስ ሰሜን ጫፍ፣ ኖርሻደር በምትባል መንደር ያለው የአያቶቿ ቤት ለእሷ ደረሳት። ልጇ «እማዬ፣ እዚያ እኮ ከበግና ከነፋስ በቀር ምንም የለም» ቢላት «በግ አውቶቡስ አይሳፈርም፤ ለእኔ ገነት ነው» ብላው ሻንጣዋን ሸከፈች።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። አባቷ አንጉስ ዕድሜውን ሙሉ የመርከብ ብረት ሲበይድ የኖረ ዝምተኛ ሰው ነው። ቤት ውስጥ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፤ እሱም ከተገኘ። እሁድ እሁድ ከወንድሙ ጋር በስልክ ሲገናኝ ግን የደሴቱ ቋንቋ፣ ጌሊክኛው፣ ይመጣና ሌላ ሰው ይሆናል። ይስቃል! ያ ለገና እንኳ ጥርሱ የማይታየው ሰውዬ ስልኩን ይዞ እስኪያነባ ይስቃል። ሄክቶሪና ልጅ ሆና «አባዬ፣ ምን ብሎህ ነው?» ስትለው «በእንግሊዝኛ አያስቅም» ይላታል። «ታዲያ ቋንቋውን አስተምረኛ!» ስትለው ደግሞ «ምን ያደርግልሻል? በእሱ ሥራ አይቀጥሩሽም» ይልና ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ሳያስተምራት ሞተ። ሄክቶሪና ኖርሻደር የገባችው ያንን የሚስቀውን ሰውዬ ፍለጋ ነው፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ፤ መንደርተኛውም ቤቱን የገዛች የከተማ ሰው መስላዋለች።

ጌሊክኛን ከመጽሐፍና ከስልኳ ተማረች። ጎበዝ ነበረች፣ አይካድም። ግን መንደሩ ውስጥ አፏን በከፈተች ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጥባታል። ሱቅ ትገባና ለባለሱቋ ለዶሊና፣ መንገድ ለመንገድ ስትለማመደው የመጣችውን «ዛሬስ ነፋሱ ብሶበታል!» በጌሊክኛ ትላታለች። ዶሊና በእንግሊዝኛ «አቤት፣ ምን ይነገራል እመቤቴ! ወተት ነው ዳቦ?» ትላታለች። ፖስተኛውም እንዲሁ፣ ፓስተሩም እንዲሁ።

ክፋት እኮ አይደለም። እነሱ ዘንድ ጨዋነት ነው። እንግዳ በሰው ቋንቋ ሲንደፋደፍ ቆሞ ማየት ነውር ስለሆነ ቶሎ ይገላግሉታል። ሄክቶሪና ግን ማን ገላግሉኝ አለ? «እንግዳ፣ እንግዳ! እስክሞት እንግዳ ልሆን ነው?» እያለች ያልፈለገችውን ወተት ይዛ ትመለሳለች።

እንዲህ ስትነጫነጭ ነው ኢንተርኔት ላይ ኮልታፎቹን ያገኘቻቸው። ራሳቸውን «የኮልታፎች ማኅበር» ብለው ነው የሚጠሩት። ረቡዕ ረቡዕ ከእራት በኋላ በቪዲዮ የሚገናኙ፣ ከጥንቶቹ ሴልቶች የወረዱትን ዘመዳማ ቋንቋዎች የሚማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም አንድ ቋንቋ ሳይሆን እያንዳንዱ የየአያቱን። ኤሉነድ ደቡብ ዌልስ ውስጥ ፀጉር ቤት ያላት፣ ሁሉን ሰው «የኔ ቆንጆ» የምትል ሴትዮ ናት፤ ዌልስኛ ትማራለች። ጆሪ ኮርንዎል ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ የኮርንዎልን ቋንቋ ይማራል፤ ቋንቋውን የሚያናግረው ሰው ግን በአካባቢው የለም። ግሮኛ ደብሊን ውስጥ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ አያቷ ይናገሩት የነበረውን አይሪሽኛ ትማራለች። የሄክቶሪናና የግሮኛ ቋንቋዎች እህትማማች ናቸው፤ ግማሽ በግማሽ ይግባባሉ። ከሌሎቹ ጋር ያለው ዝምድና ግን በሰርግና በለቅሶ ብቻ የሚታወስ ዓይነት ነው።

ማኅበሩ አንድ ወግ አለው። ሲገናኙ ማንም ያወቀውን አይናገርም፤ ይዞ የሚመጣው የሳምንቱን ትልቅ ስህተቱን ነው። ስህተቱ በከፋ ቁጥር ጭብጨባው ይደምቃል። «ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ» ያለ ደግሞ ቅጣቱ መዝፈን ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እነሱ ያመለጠውን እየለቀሙ ይሳሳቁበታል።

«ስሙኝማ የኔ ቆንጆዎች!» አለች ኤሉነድ አንድ ረቡዕ። «አንድ ትልቅ ሰውዬ ጢሙን ላስተካክልለት ተቀምጧል። ‹ሚስትህ ደህና ናት?› ልለው ነው። እኛ ጋ ሚስትና ጠንቋይ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ነው። ‹ጠንቋይህ ደህና ናት?› አልኩት፣ ምላጩን አንገቱ ላይ ይዤ!»

«ወይኔ! ምን አለሽ?»

«‹ደህና ናት፤ እናቷም መጥታለች› አለኝ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ተራው የጆሪ ሆነ፤ ጆሪ አንገቱን ደፋ።

«እኔ ዘንድሮም አልተሳሳትኩም» አለ። «የማዋራው ድመቴን ነው። እሷ ደግሞ አታርምም።»

«ምን ትልሃለች?»

«ዞር ብላ ትተኛለች።»

«ከእኔ ጎረቤቶች ትሻላለች» አለች ሄክቶሪና። «ቢያንስ ወደ እንግሊዝኛ አትገለበጥብህም! እኔ ለመሳሳት እንኳ ፋታ የሚሰጠኝ አጣሁ።»

ያንን ባለች በሳምንቱ በዶሊና ሱቅ ውስጥ ወሬ ሰማች። ቶርኩል ሊሄዱ ነው አሉ። ቶርኩል የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዘጠናን ያለፉ፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን ያልደከመ። የአባቷ የልጅነት ጓደኛ ነበሩ። አባቷን በልጅነቱ ከሚያውቁት በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሄክቶሪና «ጌሊክኛዬ ትንሽ ይሻሻል፣ ያኔ አናግራቸዋለሁ» እያለች ከርማለች።

«የበግ ሸለታው እንዳለቀ ልጃቸው ኢንቨርነስ ትወስዳቸዋለች» አለች ዶሊና፣ በእንግሊዝኛ እንግዲህ። «ብቻቸውን መኖር አልቻሉም። ከእንግዲህ አይመለሱም።»

ቶርኩል ከሄዱ አባቷም አብሯቸው ነው የሚሄደው፤ ያ የሚስቀው ሰውዬ። ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ረስታ ወጣች።

እግዜር ሲያግዝ፣ በዚያው ቀን መንገድ ላይ ቶርኩልን ከነውሻቸው አገኘቻቸው። እሷ ምን ልበል ስትል አዛውንቱ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና ትክ ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ጮክ ብለው፦

«ኮ ሌሽ ኡ?» አሉ።

ጌሊክኛ! በሕይወቷ የመጀመሪያው የኖርሻደር ሰው በጌሊክኛ ጠየቃት! ግን ምን ማለት ነው? መጽሐፉ ውስጥ የለም። ቶሎ ብላ በታተነችው፦ «ኮ» ማን ነው፤ «ሌሽ» ጋር፤ «ኡ» አንቺ። ከማን ጋር ነሽ? አሃ! ማን አብሮሽ አለ ማለታቸው ነው! ቀጥ ብላ ቆመችና፣ ጥርት ባለ ጌሊክኛ፣ ፈገግ እያለች፦

«ማንም የለም! ብቻዬን ነኝ!» አለች።

ቶርኩል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ውይ፣ ውይ፣ ውይ» አሉ፤ እጇን መታ መታ አደረጉና ውሻቸውን ጠርተው ሄዱ። እሷ በደስታ እግሯ መሬት ሳይነካ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ በሯ ላይ አንድ ከረጢት ድንች ተቀምጦ አገኘች። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ከሰዓት አንድ ሰውዬ ዓሣ ሰጥቷት፣ ዓይኗን ሳያይ ሄደ። ዶሊና ሱቋን ዘግታ የበግ ሾርባ በድስት ይዛ መጣች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ «አይዞሽ እመቤቴ» አለቻት። ለምኑ ነው አይዞሽ? ፓስተሩ መጣና ጸለየላት፤ ጸሎቱ ላይ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ የመጣው ግን ባሰ፦ ጉጋ። ጉጋ ማለት ወንዶቹ በዓመት አንዴ ነፍሳቸውን ለአደጋ ሰጥተው ከገደል የሚያመጡት፣ በጨው የታሸ የባሕር ወፍ ጫጩት ነው። ሽታው ሰፈር ያስለቅቃል፤ ሆኖም ለሚወዱት ሰው ካልሆነ ለማንም አይሰጡትም። ሄክቶሪና ወፉን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በቁሟ ቀረች። «እኔ ልሞት ነው እንዴ?» አለች ለራሷ። «ሐኪሙ ለእነሱ ነግሮ እኔን ደበቀኝ?»

ረቡዕ ሲደርስ ፍሪጇን ከፍታ ለኮልታፎቹ አሳየቻቸው።

«ምናልባት ወደውሽ ይሆናላ» አለ ጆሪ።

«ፓስተሩ ሊያለቅስ ነበር እያልኩህ! የወደደ ሰው ያለቅሳል?»

«ቆይ» አለች ግሮኛ። ግሮኛ ትንሽ ተናጋሪ፣ ብዙ አዳማጭ ናት። «ይሄ ሁሉ ሳይጀመር ምን ሆነ? ማንን አናገርሽ?»

«ቶርኩልን! ልነግራችሁ ነበር እኮ፣ ጉጋው አስረሳኝ! በጌሊክኛ ጠየቁኝ፣ በጌሊክኛ መለስኩ፣ አንዲት ስህተት የለችበትም! ‹ኮ ሌሽ ኡ?› አሉኝ፤ ‹ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ› አልኳቸው።»

ግሮኛ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ድገሚው እስቲ። ምን ብለው ጠየቁሽ?»

«ኮ ሌሽ ኡ።»

«ሄክቶሪና… እሱ እኮ እኛም ጋ አለ። ‹ኬ ሌሽ ሁ?› ነው የምንለው። የአያቴ መንደር አሮጊቶች ልጅ ባዩ ቁጥር አፋቸው ላይ እሱ ነው። ‹ከማን ጋር ነሽ?› ማለት አይደለም። ‹የማን ነሽ?› ማለት ነው! የማን ልጅ ነሽ፣ ከየትኛው ቤት ነሽ!»

ጆሪ ወደ ካሜራው ጠጋ አለ።

«እና እኔ…» አለች ሄክቶሪና።

«የማን ነሽ ሲሉሽ፣ ‹የማንም አይደለሁም፤ ብቻዬን ነኝ› ብለሻቸዋል።»

መጀመሪያ የፈነዳችው ኤሉነድ ናት። ጆሪ ከወንበሩ ተንሸራቶ ከካሜራው ጠፋ፤ ሳቁ ብቻ ይሰማል። «የዓመቱ ስህተት!» እያሉ አጨበጨቡ። «ወላጅ አልባ ሕፃን መስለሻቸው ነው የሚቀልቡሽ! በዚህ ዕድሜሽ!» ሄክቶሪናም ሳቀች፤ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን እንባው አልቆም አላት። የአባቷ ጓደኛ፣ በአባቷ መንደር፣ የማን ልጅ ነሽ ብለው ጠየቋት፤ እሷ ማንም የለኝም አለች። አባቷን በገዛ አፏ ካደችው።

«ይቅር…» ብላ ጀመረች።

«እንዳትጨርሺው!» አለች ኤሉነድ። «ትዘፍኛለሽ፤ ድምፅሽን ደግሞ እናውቀዋለን።»

በማግስቱ ስህተቷን ልታርም ቶርኩል ቤት ሄደች። የተቀበለቻት ከኢንቨርነስ የመጣችው ልጃቸው ናት። «ውይ፣ ያቺ ብቻዋን ያለችው ሴትዮ ነሻ! ግቢ የኔ እናት፣ ሻይ አለ» አለቻት በእንግሊዝኛ። ውስጥ በካርቶንና በታሰረ ብርድ ልብስ መሃል ቶርኩል ተቀምጠዋል። ቀና ብለው፣ ቀስ ብለው፣ በሚያሳዝን ደግነት፣ በእንግሊዝኛ፦

«ልጄ፣ ጉጋው ደረሰሽ?» አሏት።

በእንግሊዝኛ! እሳቸውም ተገለበጡባት። ያዘጋጀችው አረፍተ ነገር ከአፏ ድራሹ ጠፋ። ሻይዋን ጠጣች፣ በእንግሊዝኛ አመሰገነች፣ ወጣች። ያ ምላጭ ምላስ ምን ዋጠው? ቤቷ ገብታ ለማኅበሩ «እኔ ይብቃኝ፤ አርጅቻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ አልመጣም» ብላ ጽፋ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ረቡዕን ማን ይጠብቃል? ኤሉነድ የደንበኛዋን ፀጉር ቀለም ቀብታ እንደያዘች፣ ጆሪ ዱቄት በዱቄት ሆኖ፣ ግሮኛ ከሕክምናው ክፍል ወጥታ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ሁሉም መጡ።

«ጆሮው የደከመን ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያናግሩት?» አለች ኤሉነድ። «ያ የአውቶቡስ ድምፅሽ የት ገባ?»

«አታብራሪላቸው» አለች ግሮኛ። «አያቴ መንደር ማንም አያብራራም። የአባትሽን ስም ትጠሪያለሽ፣ የአያትሽን ትቀጥያለሽ፣ ሌላውን እሳቸው ይጨርሱታል። አያትሽ ማን ነበሩ?»

«ሄክቶር።»

«አያትሽን ስምሽ ውስጥ ተሸክመሽ እየዞርሽ ነው ‹የማንም› ያልሽው?» አለ ጆሪ። ሄክቶሪና ሳትወድ ሳቀች። ጆሪ ግን አልሳቀም። «እኔ የማን ነህ ብሎ በቋንቋዬ የሚጠይቀኝ ሰው የለም፣ ሄክቶሪና። አንድም የለም። ቢጠይቀኝ በባዶ እግሬ ሮጬ እመልስለት ነበር። አንቺን ጠይቀውሻል። ሂጂና መልሺላቸው። ለእኔም ጭምር መልሺላቸው።»

እንዲህ ሲባል ምን ይባላል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እስከ ሸለታው ቀን በየማታው ተገናኝተው ጩኸት ተለማመዱ። እያንዳንዱ በቋንቋው የማን እንደሆነ ይጮሃል፤ የጆሪ ጎረቤት ግድግዳውን ይደበድባል። ሄክቶሪና በራሷ ያረመችው ነገርም ነበር፤ መጽሐፏ ሁሉን ሰው «አንተ» ነው የሚለው፤ እሷ ግን ለትልቅ ሰው የሚባለውን «እርስዎ» ፈልጋ አጠናችው።

የሸለታው ቀን ኖርሻደር ውስጥ ቤት የሚቀር ሰው የለም። በጎቹ ከተራራው ወርደው ከድንጋይ አጥር ውስጥ ታጉረዋል፤ ውሻ ይጮሃል፣ ሰው ይጮሃል፣ በግ ይጮሃል፤ ሁሉም በጌሊክኛ ነው፣ በጉም ሳይቀር። ሄክቶሪናን ምን ሥራ ይሰጧታል? መሸለት አታውቅም፣ መያዝ አታውቅም። ዶሊና በእንግሊዝኛ «እመቤቴ፣ እዚች በር ጋ ቁሚልን፤ ከባድ አይደለም፣ ያዝ ማድረግ ብቻ ነው» አለቻት። እሷም በሩን ይዛ ቆመች።

ቶርኩል በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው በዱላቸው ያዛሉ። በነጋታው ጠዋት ነው ጉዟቸው። ሰው ሁሉ እያለፈ ትከሻቸውን ይነካል፤ መሰነባበቱ ነው። ሄክቶሪና ከሩቅ ታያቸዋለች። አሁን ልሂድ ትላለች፣ መልሳ በሩን ጨበጥ ታደርጋለች። ትንሽ ቆይቼ ትላለች። በመጨረሻ የሚሸለቱት በጎች እያለቁ ሲሄዱ፣ ልጃቸው መኪናውን እያስጠጋች እንደሆነ አየች። ሊወስዷቸው ነው። ያኔ ሁሉንም ነገር ረሳች። በጉንም፣ በሩንም፣ ፍርሃቷንም ትታ ግቢውን አቋርጣ ሄደችና ፊታቸው ቆመች። ሆዷን ነፋች። ከዚያ ያንን ድምፅ፣ ሰካራም ያወርድ የነበረውን ድምፅ፣ በጌሊክኛ ለቀቀችው።

«ቶርኩል! የማን ነሽ ብለውኝ ነበር! የማን እንደሆንኩ ልንገርዎት! የአንጉስ ነኝ! የሄክቶር ልጅ የአንጉስ! ከዚሁ ከኖርሻደር!»

መቀሱ ሁሉ ቆመ። አንድ በግ ግማሹ ተሸልቶ ግማሹ ሳይሸለት እንደተያዘ ቀረ። ዶሊና አፏን ከፈተች። ቶርኩል እጃቸውን ጆሯቸው ኋላ አድርገው፣ እንባ ባቀረሩ ዓይኖቻቸው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«የቀዩ ሄክቶር አንጉስ?» አሉ በጌሊክኛ።

«እሱው ነው! እሱ ነው አባቴ!»

አዛውንቱ ከተቀመጡበት ወደ እሷ ጠጋ አሉ። የሆነ ነገር ሊሉ ከንፈራቸውን አላቀቁ፤ ከዚያ ዓይናቸው በትከሻዋ ላይ አልፎ ሄደ፤ ፊታቸው ተለወጠ፤ ዱላቸው ሽቅብ ተነሳ።

«እና የቀዩ ሄክቶር የልጅ ልጅ ሆነሽ ነው በሩን በርግደሽ ትተሽ እዚህ የምትጮሂብኝ?!»

ሄክቶሪና ዞረች። በጎቹ፣ የተሸለቱትም ያልተሸለቱትም፣ በዚያች ባዶ በር እየተጋፉ ወደ ሜዳው ይፈሳሉ።

«ዝም ብለሽ ታያለሽ? ሩጪ እንጂ!» ቶርኩል ከባልዲው ተነስተዋል፣ ዘጠናን ባለፈ ዕድሜያቸው። «አባትሽም ይኸው ነበር! አንድ ቀን በር ዘግቶ አያውቅም! እሱ ከፍቶት በሄደ ስንቴ ነው እኔ የተገረፍኩት! ከተማ ሄዶ ሲገላግለን ደግሞ አንቺን ላከብን?!»

«አንቺ ሴትዮ፣ እግር የለሽም?» እያለች ዶሊና አጠገቧ አልፋ ሮጠች፤ በጌሊክኛ ነው፣ እመቤቴ የለ ምን የለ። «በታች በኩል ዙሪና መልሻቸው! በታች አልኩሽ፣ ደንቆሮ!»

ሄክቶሪና ሮጠች። እያንዳንዷ ቃል ገብታታለች፤ ሩጪም፣ በታችም፣ ደንቆሮም። ማንም አልተገለበጠም! እንግዳን ማን እንዲህ ይሰድባል? ቦት ጫማዋ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ ዓይኗ በእንባ ተጋርዶ፣ እየሳቀች፣ በጎቹ ላይ በጌሊክኛ ጮኸች፤ በጎቹም ያ ድምፅ አስፈርቷቸው፣ አንድ በአንድ ተመለሱ። የመጨረሻዋ ስትገባ በሩን ዘጋች፣ በሽቦ አሰረች፣ ደግማ ነቀነቀችው። ከዚያ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ቶርኩል ፊት ተመልሳ ቆመች። ልጃቸው መኪናው በር ላይ «አባባ፣ እንሂድ» ትላለች። እሳቸው አልሰሟትም፤ ወይ መስማት አልፈለጉም።

«ሌላስ?» አለች ሄክቶሪና። «አባቴ ሌላስ ምን አጥፍቷል?»

ቶርኩል ከጎናቸው የነበረውን ሌላ ባልዲ በዱላቸው ገልብጠው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ቁጭ በይ» አሏት፤ «ብዙ ነው።»